የባለቤቴ ወንድም በፊሊፒንስ ለከተማ ምክር ቤት ሊወዳደር ነው፤ እኔ የውጭ ዜጋ ሆኜ ምን ያህል ልረዳው እችላለሁ?

ጥያቄ (ከዱባይ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እኔ በዱባይ የምሠራ ኢትዮጵያዊ ስሆን ባለቤቴ የፊሊፒንስ ዜጋ ናት። የትውልድ ቦታዋ በኦሪየንታል ሚንዶሮ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ በሩዝ እርሻና በዓሣ ማስገር የሚተዳደሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ታላቅ ወንድሟ በ2028 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሚካሄደው የአካባቢ ምርጫ ለከተማዋ ምክር ቤት ለመወዳደር ወስኗል። ቤተሰቡ ከወዲሁ እየመከረበት ነው፤ እኔንም ለፖስተርና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ የሚሆን ገንዘብ እንድልክ፣ ለዕረፍት ስንሄድም አብሬው በየሰፈሩ እንድዞር ጠይቆኛል። ይህ ሰው እኛ በሥራ ላይ ሳለን ልጃችንን እንደ አባት ያሳደገልን በመሆኑ እምቢ ለማለት እቸገራለሁ፤ ነገር ግን የውጭ ዜጋ በሰው አገር ምርጫ ገብቶ የሚደርስበትን ነገር እፈራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ባለቤቴ ነው። እርሷ በውጭ አገር መራጭነት እዚሁ ዱባይ የተመዘገበች ስለሆነች፣ ከዚህ ሆና ለወንድሟ ድምፅ መስጠት ትችል እንደሆነ ብትነግሩን። በመጨረሻም፣ ጠንካራው የከንቲባ ዕጩ ወንድሟን በቡድኑ ውስጥ አላካተተውም፤ ብቻውን ቆሞ ቢመረጥ እንኳ ከንቲባው ከሌላ ወገን ከሆነ ምን ሊሠራ እንደሚችል አሠራሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ (ከማኒላ)

ወንድሜ፣ ቀድመው መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የአገሪቱ ሕግ የሚሰጠው መልስ ግልጽና ጥብቅ ነው። የፊሊፒንስ አጠቃላይ የምርጫ ሕግ በአንቀጽ 81 የውጭ ዜጋ ማንኛውንም ዕጩ ወይም ፓርቲ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳይረዳ፣ በምርጫው እንዳይሳተፍና በማናቸውም መንገድ ተጽዕኖ እንዳያደርግ፣ ለቅስቀሳም ገንዘብ እንዳይሰጥ ወይም ወጪ እንዳያወጣ ይከለክላል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 95 ደግሞ መዋጮ መስጠት ከማይፈቀድላቸው መካከል የውጭ ዜጎችን ይጠቅሳል፤ ዕጩውም ቢሆን ከውጭ ዜጋ መዋጮ መጠየቅም ሆነ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ገንዘቡን ቢልኩለት ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይሆንም፤ ሊረዱት የፈለጉትን ሰው ራሱን ተከሳሽ ያደርጉታል።

ቅጣቱ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት እስራት ሲሆን፣ ጥፋተኛው የውጭ ዜጋ ከሆነ እስራቱን ከጨረሰ በኋላ ከአገር ይባረራል። ሚስትና ልጅ ላለው ሰው ከአገር መባረር ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በየሰፈሩ አብረው መዞሩም፣ የዕጩውን ስም የያዘ ቲሸርት መልበሱም፣ በፌስቡክ «ምረጡት» ብሎ መጻፉም ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው ብዬ ልመክርዎ አልችልም።

መልስ (ከአቡ ዳቢ)

እኔም ባለቤቴ ከቪሳያስ ደሴቶች ስለሆነች ጉዳዩ አይመለከተኝም አልልም። በብዙ ቤት የሚደረገው ባል ገንዘቡን ለሚስቱ ሰጥቶ፣ እርሷ በስሟ መላክ ነው። ዜጋ ስለሆነች መብቷ ነውና በዚህ መንገድ ቢሄዱ ችግር የሚኖር አይመስለኝም።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ ግን የምነግርዎት የሚያስደስት አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ድምፅ የሚሰጡት ለአገር አቀፍ ሥልጣኖች ብቻ ነው፤ እነርሱም ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሴናተሮችና በፓርቲ ዝርዝር የሚመረጡ የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው። በ2025 ከዚህ ሆነው በኢንተርኔት ሲመርጡ የመረጡት 12 ሴናተሮችንና የፓርቲ ዝርዝሩን ነበር፤ የከንቲባና የምክር ቤት ዕጩዎች በወረቀታቸው ላይ አልነበሩም። ባለቤትዎ ለወንድሟ ድምፅ መስጠት ከፈለገች ምዝገባዋን ወደ ትውልድ ከተማዋ ማዛወር፣ ለዚህም በከተማዋ የሚገኘው የምርጫ ኮሚሽኑ (ኮሜሌክ) ጽሕፈት ቤት በአካል መቅረብ፣ በምርጫውም ቀን እዚያው መገኘት አለባት።

ጊዜውን ልብ በሉ። ሕጉ ምርጫ ሊደረግ 120 ቀን ሲቀረው ምዝገባ እንዲቆም ያዛል፤ ኮሚሽኑ ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለግንቦት 2025 ምርጫ ምዝገባው ያበቃው መስከረም 30 ቀን 2024 ነበር። ስለዚህ የ2027ቱን የዕረፍት ጊዜያችሁን ከዓመቱ አጋማሽ ሳያልፍ ብታደርጉት ይሻላል።

መልስ (ከማኒላ)

ከአቡ ዳቢ የጻፉልን ወንድማችን ስለ ምዝገባው ያሉት ትክክል ነው፤ ስለ ገንዘቡ ግን በአክብሮት አልስማማም። ሕጉ «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል ያስገባው በትክክል ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው። ባለቤትዎ የራሷ ደመወዝ ካላት ከዚያ በስሟ፣ በደረሰኝ ትስጥ፤ የእርስዎ ገንዘብ በእርሷ እጅ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ግን በሕጉ ፊት የእርስዎ መዋጮ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። የባልና ሚስት ሀብት በተቀላቀለበት ቤት ይህን መለየት ስለሚያስቸግር፣ አንድም ዲርሃም ከመላኩ በፊት ጉዳዩን ለኮሚሽኑ በጽሑፍ አቅርባችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መልስ (ከሴቡ)

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያነሣው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ እኔ የምኖርበት ከተማም ትንሽ ስለሆነ አሠራሩን በቅርብ አየዋለሁ።

በአንድ የፊሊፒንስ ከተማ ሕዝቡ የሚመርጠው አንድ ከንቲባ፣ አንድ ምክትል ከንቲባና፣ እንደ እናንተ ባለ ትንሽ ከተማ፣ ስምንት የምክር ቤት አባላትን ነው። ምክር ቤቱ ሳንጉኒያንግ ባያን ይባላል። ከስምንቱ በተጨማሪ የባራንጋይ ሊቀ መናብርት ማኅበር ፕሬዚዳንትና የወጣቶች ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በሥልጣናቸው ይቀመጣሉ። ባራንጋይ ከእኛ ቀበሌ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የራሱ ምርጫ በሌላ ጊዜ ስለሚደረግ ከዚህኛው ጋር እንዳታምታቱት። የከተማው ምርጫ በየሦስት ዓመቱ በግንቦት ወር ሁለተኛ ሰኞ ይካሄዳል፤ በ2028 ግንቦት 8 ቀን ላይ ይውላል። አሸናፊዎቹ በሰኔ 30 እኩለ ቀን ሥራ ይጀምራሉ፤ በአንድ ሥልጣን ላይም በተከታታይ ከሦስት የሥራ ዘመን በላይ መቆየት አይፈቀድም። ሦስት ዘመኑን የጨረሰ ከንቲባ ሚስቱን ወይም ልጁን በቦታው ማስቀመጡ የተለመደ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የቤተሰብ አገዛዝ በሕግ እንዲከለከል ቢያዝም፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ዝርዝር ሕጉን ለአሥርተ ዓመታት ሳያወጣ ቆይቷል፤ ይህም ለብቻው የሚቆም ሰው ሸክሙን እንደሚያከብድበት እዚህ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁሉም የሚመረጡት በተናጠል ነው፤ ከንቲባው ከአንድ ወገን፣ ምክትሉ ከሌላ፣ ምክር ቤቱም ከሁለቱም ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ሁለተኛ ዙር የለም። ድምፅ እኩል ከሆነ በዕጣ ይለያል። በዚያው በእናንተ ክፍለ ሀገር፣ በሳን ቴዎዶሮ ከተማ በ2013 ሁለት የከንቲባ ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 3,236 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው ሳንቲም በመወርወር ተለይቷል። በትንሽ ከተማ የአንዲት እህት ድምፅ ምን ያህል ሊመዝን እንደሚችል ከዚህ ተረዱ።

ለምክር ቤት መራጩ እስከ ስምንት ስም ድረስ ሞላላውን ክብ ያጠቁራል። ከስምንት ካሳነሰ ችግር የለም፤ ካለፈ ግን ለምክር ቤት የሰጠው ድምፅ በሙሉ ይሰረዛል፣ ለሌሎቹ ሥልጣኖች የሰጠው ግን ይቆጠራል። የወንድማችሁ ደጋፊዎች ይህን በደንብ ማወቅ አለባቸው። የሚያሸንፉት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስለሆኑ፣ ለእርሱና ለሚያምኑባቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሰጡ ከሆነ ስምንተኛውን ቦታ ከእርሱ ጋር ለሚሻማው ተወዳዳሪ ድምፅ አይጨምሩም። ደረጃውም ትርጉም አለው፤ ምክትል ከንቲባው ቦታውን ከለቀቀ የሚተካው በድምፅ አንደኛ የወጣው የምክር ቤት አባል ነው።

ከንቲባው ከሌላ ወገን ቢሆንስ ላሉት፣ ሥራ አለው። የከተማዋን ዓመታዊ በጀት ከንቲባው አዘጋጅቶ ያቀርባል እንጂ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ትናንሽ ከተሞች አብዛኛውን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከማዕከላዊ መንግሥት ግብር ከሚደርሳቸው ድርሻ በመሆኑ፣ ከእርሱም ቢያንስ 20 በመቶው ለልማት መዋል ስላለበት፣ ገንዘቡ ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው የመስኖ ቦይ ይዋል የሚለው ክርክር እዚያ ይካሄዳል። ስብሰባውን የሚመራው ምክትል ከንቲባው ሲሆን ድምፅ የሚሰጠው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከንቲባው ምክር ቤቱ ያወጣውን ደንብ ውድቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ምክር ቤቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸናው ይችላል። በቁጥር ብቻውን ከሆነ ግን እውነቱን ለመናገር ጥያቄ ከማንሣትና ነገሩን በቃለ ጉባኤ ከማስመዝገብ ያለፈ አቅም አይኖረውም።

ጠያቂው (ከዱባይ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ገንዘቡን እንደማልልክና በቅስቀሳው እንደማልሳተፍ፣ የሕጉንም ምክንያት አስረድቼ ለወንድሟ ራሴ እነግረዋለሁ። ባለቤቴ ምዝገባዋን ልታዛውር ወስናለች፤ ከራሷ ደመወዝም፣ ኮሚሽኑ በጽሑፍ ከፈቀደላት፣ ጥቂት መስጠት ትፈልጋለች። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ዘመዶቿ «በምርጫው ዋዜማ ለየቤቱ ፖስታ ካልታደለ ማንም አይመርጠውም» ይላሉ። የወጪው ልክስ ምን ያህል ነው?

መልስ (ከማኒላ)

ፖስታው ድምፅ መግዛት ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ያንኑ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት እስራት ያስቀጣቸዋል። በብዙ ከተማ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ድሃው ቤተሰብ ለምን እንደሚቀበልም ይገባኛል። ሆኖም ባለቤትዎ የምትሰጠው ገንዘብ ወደዚያ እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። ለድምፅ ማጉያው ወይም ለማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ለመክፈል ከዕጩው ጋር ብትስማማና ደረሰኙን ብትይዝ ይሻላል።

የወጪው ልክ በፓርቲ ለቆመ የአካባቢ ዕጩ በእያንዳንዱ የተመዘገበ መራጭ 3 ፔሶ፣ ፓርቲም ሆነ የፓርቲ ድጋፍ ለሌለው 5 ፔሶ ነው። 15,000 መራጮች ባሉባት ከተማ ለብቻው የሚወዳደር ሰው ከ75,000 ፔሶ በላይ ማውጣት አይችልም ማለት ነው። የባለቤትዎም መዋጮ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከምርጫው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የመዋጮና የወጪ መግለጫውን ለኮሚሽኑ ያስገባል፤ ያሸነፈ ሰው ይህን እስካላስገባ ድረስ ሥራውን መጀመር አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ደረሰኝ ጀምሮ መዝገብ የሚይዝ ታማኝ ሰው፣ ያውም የፊሊፒንስ ዜጋ የሆነ፣ ከቤተሰቡ መካከል አሁኑኑ ይምረጥ።