ክሪምፕ ያለበት የ9 ሚሊሜትር ቀለህ አዲስ ፕራይመር አልቀበል አለኝ

የሂዩስተኑ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቴክሳስ ሲሆን የሽጉጥ ጥይት በቤቴ መሙላት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን ከተኩስ መለማመጃ ሜዳ ለቅሜ ካመጣኋቸው የ9 ሚሊሜትር ቀለሆች ብዙዎቹ አስቸገሩኝ። አሮጌው ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) በደህና ይወጣል፤ አዲሱን ለማስገባት የፕሬሱን (የጥይት መሙያ መሣሪያውን) እጀታ ስገፋ ግን ድንጋይ የነካ ያህል ቀጥ ይላል። አንዱን አጥብቄ ብገፋው ፕራይመሩ ጎኑ ተጨፍልቆ አጋድሎ ገባ። ቀለሆቹ ግርጌያቸው ላይ በክብ ውስጥ ያለ መስቀልና ሁለት አሃዝ ቁጥር አላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የቀለሁ? የተጨፈለቀውንስ ምን ላድርገው?

ባለ ቶርኖው፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የቀለሁ ነው፤ አጥብቀው መግፋትዎ ግን የእርስዎ ነው። በክብ ውስጥ ያለው መስቀል የኔቶ ምልክት ሲሆን ሁለቱ አሃዞች ደግሞ የተመረተበትን ዓመት ያመለክታሉ። ለሠራዊት የሚሠራ ጥይት በአውቶማቲክ መሣሪያ ሲተኮስ ፕራይመሩ ወደ ኋላ ወጥቶ መሣሪያው እንዳይነክስ፣ ፋብሪካው የፕራይመሩን ጉድጓድ አፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል፤ ክሪምፕ የሚባለው ይህ ነው። አሮጌው ፕራይመር ተገፍቶ ሲወጣ ያ የተጨመቀ ከንፈር እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ፕራይመር የሚጋጨውም ከእርሱ ጋር ነው። በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ የተራው ቀለህ ጉድጓድ አፉ በትንሹ ለስለስ ብሎ የተከፈተ ሲሆን የዚህኛው ግን ስለታም ጠርዝ አለው።

እኔ የምጠቀመው ስዌጅ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ቀለሁን ከውስጥ በብረት ዘንግ ደግፎ፣ ጠንካራ የብረት ጫፍ ከውጭ ወደ ጉድጓዱ በመግፋት ከንፈሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ ናሱን አይቆርጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስተካከሉ ላይ ነው። የቀለሁ ወለል ውፍረት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ በአንዱ ቀለህ ያስተካከሉት መሣሪያ ወለሉ ወፍራም የሆነ ሌላ ቀለህ ሲገባበት ጉድጓዱን ከልክ በላይ ያሰፋዋል። ስለዚህ አስቀድመው በግርጌ ምልክታቸው ይለዩዋቸው፤ አሰልቺ ቢሆንም አንድ ምሽት ይበቃዋል።

የተጨፈለቀውን በተመለከተ፣ ባሩድና ሌሎች ፕራይመሮችን ከአጠገብዎ አርቀው፣ የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ፊትዎን ከፕሬሱ መስመር ውጪ በማድረግ በቀስታ ገፍተው ያውጡት፤ በፍጹም አይምቱት። ዘይት ያመክነዋል የሚለውን አይመኑ፤ አስተማማኝ አይደለም።

የሲያትሉ፦
ጋሼ የጻፉት ልክ ሆኖ ሳለ፣ ለጀማሪ ስዌጅ መግዛት ግድ አይመስለኝም። የቀለህ አፍ መሞረጃው ትንሽ መሣሪያ በብዙ ሰው ቤት አለ። ጫፉን ጉድጓዱ አፍ ላይ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በእጅ ማዞር ከንፈሩን ያነሣዋል። የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቀለበት ዙሪያውን እንደታየ መቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካለፉ ፕራይመሩ የሚይዘው ግድግዳ ያጣል። አነስተኛው የሽጉጥ ፕራይመር ስፋቱ 0.175 ኢንች ገደማ ስለሆነ የሚፈቀደው ስሕተት የፀጉር ያህል ነው። በጣት ግፊት ብቻ የሚገባ ከሆነ ያ ቀለህ አበቃለት፤ ሲተኮስ በፕራይመሩ ዙሪያ የሚያመልጠው ጋዝ የሽጉጡን የኋላ ፊት ይበላዋል።

አሮጌ ተኳሽ፦
ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን 9 ሚሊሜትር ቀለህ እንደ አሸዋ የሞላ ነው። እኔ ክሪምፕ ያለውን ለይቼ ለቁርጥራጭ ናስ ገዢ እሸጠዋለሁ። ድካሙ የሚገባው እንዲህ በቀላሉ ለሚገኝ ሳይሆን ቶሎ ለማይገኝ ቀለህ ነው። በ45 ካሊበር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ትንሽ ፕራይመር የሚወስድና ትልቅ (0.210 ኢንች) የሚወስድ ቀለህ ተደባልቆ ይገኛል፣ ትልቁን ትንሹ ጉድጓድ ላይ ሲያስገቡም ልክ እንደ ክሪምፕ ቀጥ ይላል። እጀታው ሲከብድ ማቆምና ቀለሁን አውጥቶ ማየት ነው።

የሂዩስተኑ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተጨፈለቀውን በተነገረኝ መንገድ አውጥቼዋለሁ። ኔቶ ካላቸው መካከል ሃያውን በመሞረጃው ሠርቼ ሞከርኩ፤ አሥራ ስምንቱ በደህና ተቀበሉ፣ ሁለቱ ግን ላላ ብለው ስላገኘኋቸው ጣልኋቸው። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በደህና ገብቷል የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ባለ ቶርኖው፦
ጣትዎን ግርጌው ላይ ሲያሳልፉ ፕራይመሩ ምንም ጉብ ያለ ነገር ሊሰማዎት አይገባም፤ ከግርጌው ገጽ እኩል ወይም ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ጉብ ካለ የመዶሻው የመጀመሪያ ምት ኃይሉን ፕራይመሩን ወደ ታች ለመግፋት ይጨርስና ጥይቱ አይተኮስም፤ ሁለተኛው ምት ላይ ግን ይተኮሳል። ያንን ሲያዩ ባሩዱን ወይም ፕራይመሩን አይውቀሱ፤ ወደ ጉድጓዱ ይመለሱ።