አባቴ የጉበት ታማሚ ናቸው፤ ቲ3 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ብሎ ተገኘ። የታይሮይድ መድኃኒት ልስጣቸው?

የደሴዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ያወቅነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ ነው። ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስና መጠንከር) ነው ተባልን። የቫይረሱን መድኃኒት ቴኖፎቪርን በየቀኑ ይውጣሉ። ሰሞኑን ግን ድካም በዛባቸው። ቀን በፀሐይ፣ ጋቢ ደርበው "በረደኝ" ይላሉ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ስላስቸገረ በክር ጠምጥሜ አጠበብኩላቸው።
ታይሮይድ አስመረመርኳቸው። ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች 2.8፣ ማለትም ደህና፤ ፍሪ ቲ4ም (ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው የቲ4 ሆርሞን) ደህና፤ ቲ3 ግን ከልኩ በታች። አንዲት ዘመዳችን እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ጀምሮ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ትውጣለች። "ግማሽ ግማሽ ስጫቸው" ብላ አንድ ፍሬ ሙሉ አምጥታልኛለች። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቀጠሯችን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ምን ትላላችሁ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ በፈጠረሽ እንዳትሰጫቸው። የታይሮይድ ዕጢ በብዛት የሚያመርተው ቲ4 ነው። ቲ3 አብዛኛው ከዕጢው ውጭ፣ ከቲ4 ተለውጦ ነው የሚገኘው። ይህ ከሚካሄድባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ደግሞ ጉበት ነው። ጉበት ሲዳከም ቲ3 ይወርዳል፤ ዕጢው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የአባታችን ቲኤስኤች ደህና መሆኑም ወደዚያ ነው የሚያመለክተው። ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከሙትን ፕሮቲኖች የሚሠራውም ጉበት ነው። ስለዚህ የተለካው ጠቅላላው ቲ3 (ከፕሮቲኖቹ ጋር የተያያዘውን ጨምሮ) ከሆነ ቁጥሩ የበለጠ ያሳስታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሌቮታይሮክሲን ቢወስዱ ልባቸውን ሊያስቸግር፣ የቀረውንም ጡንቻ ሊበላ ይችላል።

ባለ ሁለት መድኃኒቷ፦
የእኔ ለየት ይላል። ጉበቴን የሚያጠቃው የራሴው የሰውነት መከላከያ ነው። እንዲህ ዓይነት የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ታይሮይዱም አብሮ ሊጠቃ ይችላል። እኔ ስመረመር ቲኤስኤች 19፣ ማለትም ከፍተኛ፣ ፍሪ ቲ4 ደግሞ ዝቅተኛ ነበር። ለእኔ ኪኒኑ ግድ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጠዋለሁ። ለአባትሽ ግን ቲ3 ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ነርሷ፦
ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ድካሙና ብርዱ ከደም ማነስም ሊመጣ ይችላል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው የጉሮሮና የጨጓራ ደም ሥሮቹ አብጠው ሳይታወቅ ሊደሙ ይችላሉ። ሰገራቸው ጠቁሯል? ትኩሳት አላቸው? ንግግር ይምታታባቸዋል? ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ።

የደሴዋ ልጅ፦
አሁን ጠየቅኳቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አምስት ቀን ሆኖታል። ለሴት ልጅ መናገር አፍረው ነው ዝም ያሉት። ወንድሜ መኪና ሊያመጣ ወጥቷል። የላብራቶሪውን ወረቀት ይዤ ወደ ድንገተኛ እየሄድን ነው።