የጦር ጄት አፍንጫ ላይ ሥዕል፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የሕርማታው
ሰላም የጅማ ልጆች። ትናንት አጂፕ ሻይ ቤት አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ፎቶ አሳየን። አፍንጫው ላይ አፉን የከፈተ ሻርክ ተስሏል፣ ከነጥርሱ። ግማሹ «ምን ያምራል» አለ። ግማሹ «የመንግሥት ንብረት እንዲህ ይቀባል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። እዚያ ስላልተቋጨ ወደዚህ አመጣሁት። አንድ አየር ኃይል አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ጄታቸው ላይ እንዲስሉ ይፍቀድ ወይስ ይከልክል? የዛሬ ፖለቲካ የሚያስገባ ካለ አጠፋዋለሁ። የምትጠቅሷቸው የውጭ ዓመታት በፈረንጅ ይሁኑ።

ኪቶ ኢንጂነር
ይፍቀድ። ያ ሻርክ እኮ ሲኮራረጅ የመጣ ነው። መጀመሪያ የጀርመን ሜሰርሽሚት 110 ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ ነበር። ከነሱ የእንግሊዝ አየር ኃይል 112ኛ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ወስዶ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላኖቹን ቀባ። ቻይናን ሊረዱ የሄዱት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የእንግሊዞቹን ፎቶ አይተው በ1941 ኮረጁ። ስማቸው «በራሪ ነብሮች»፣ ሥዕላቸው ሻርክ! ማንም ግን ግድ አልሰጠውም። ጠላት ይፍራ አይፍራ አላውቅም፣ ልጆቹ ግን አንድ ቡድን መሆናቸው ከሩቅ ይታወቃል።

ፈረንጅ አራዳ
ባጃጅ ያለ ጥቅስ በማይነዳበት ከተማ ተቀምጣችሁ ስለ ጄት ትከራከራላችሁ። ይሳል!

ዘሀራ ጅሬን
እኔ አልስማማም። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምቡን የጣለው የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላን አፍንጫው ላይ ምን ተጽፎበት እንደነበር ታውቃላችሁ? «ኢኖላ ጌይ»። የአብራሪው የኮሎኔል ቲቤትስ እናት ስም ነው። ሊነሳ ሲል አስጻፈው። እኔም እናት ነኝ። ልጄ ስሜን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከሚጽፈው ጭራሽ ቢረሳኝ ይሻለኛል።

ፈረንጅ አራዳ
እትዬ ዘሀራ፣ ስሙ ባይጻፍ ቦምቡ ይቀር ነበር?

ዘሀራ ጅሬን
አይቀርም። ግን የቤት ስም ሲሰጡት፣ አበባና ጥርስ ሲስሉበት፣ ለሚጥለው ሰው ነገሩ ይቀልለታል። የምፈራው እሱን ነው። በ1928 ጣሊያን ሲወረን የሙሶሊኒ አማች ቺያኖ የመራው የቦምብ ጣዮች ስኳድሮን «ላ ዲስፐራታ» የሚል ስም ለጥፎ ነው የመጣው። ለነሱ ጀብዱ ነበር። በዚያው ዓመት ደሴ ሲደበደብ ደግሞ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከታች ላለው ሰው የላዩ ስም ምኑ ነው?

ጋሽ መካኒክ
ልጆች፣ ደብረ ዘይት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ቀለም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአፍንጫው ጫፍ ራዶም ይባላል፣ ውስጡ ራዳር አለ። ብረትነት ያለው ቀለም ከተቀባ ራዳሩ በደንብ አያይም፣ ቀለሙ ከወፈረም እንደዚያው። ስለዚህ ሥዕሉ ከጫፉ ወዲህ፣ ከአብራሪው መቀመጫ በታች ይሁን። ጎኑ ላይ ደግሞ የአየር ግፊት የሚለካባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ ከተደፈኑ አብራሪው ከፍታውንም ፍጥነቱንም በትክክል አያውቅም። በ1996 አንድ የፔሩ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲታጠብ እነዚህ ቀዳዳዎች ላይ የተለጠፈ ቴፕ ሳይነሳ ተረሳ። በሌሊት ተነስቶ ባሕር ገባ፣ የነበሩት 70 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ለቀለምም ቴፕ ይለጠፋል። ሠዓሊያችሁ ይህን ያውቃል?

ይከልከል ግን አላልኩም። አብራሪው በሮበት ይወርዳል፣ ይሄዳል። ዘይቱን የሚጠርገው፣ ብሎኑን የሚቆጥረው፣ ሌሊት አብሮት የሚያድረው መካኒኩ ነው። የሚስለው እሱ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ቦቼ ቦሬ
የዛሬ ጄት ግራጫ የሚቀባው እንዳይታይ እኮ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተህ ከደበቅከው በኋላ ቀይ ጥርስ ታበቅልለታለህ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊው አብራሪ ኤሪክ ሃርትማን አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ጥቁር ቱሊፕ አበባ ነበረው። ሶቪየቶቹ አበባውን ሲያዩ መሸሽ ጀመሩ ይባላል። ሰውየው የሚገጥመው ሲያጣ አስጠፋው።

ኪቶ ኢንጂነር
ፈሩ ማለት ነዋ! ለኔ መሰከርክልኝ።

ቦቼ ቦሬ
አስጠፋው እኮ ነው የምልህ።

ሰላም ከአዌቱ
ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም፣ ይገርማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ቦምብ ጣዮች ላይ የተሳለችው እርቃኗን የቀረች ሴት ናት። በ2007 እንግሊዞች አፍጋኒስታን የነበሩ ሃሪየር ጄቶቻቸው ላይ ያሉትን እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አስጠፍተዋል፣ ሴት ባልደረቦችን ያስከፋል ብለው። ደግ አደረጉ። መፍቻ ይዛ ሥሩ ተኝታ የምትሠራዋ ሴት ቀና ስትል እሱን ነው የምታየው?

የአባ ጅፋር ደጋፊ
ፈረንጅ ያመጣው አድርጋችሁ አታውሩ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የኛው ንጉሥ አባ ጅፋርም በፈረሳቸው ነው የሚጠሩት። ክለባችን በ2010 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው በፈረስ ስም ነው ወገን! ፌራሪ መኪና ላይ ያለው ፈረስ ራሱ ከጦር አውሮፕላን የመጣ ነው። ባራካ የሚባል የጣሊያን አብራሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይስለው ነበር። በ1918 ሞተ። በ1923 እናቱ ለኤንዞ ፌራሪ «መኪናህ ላይ አድርገው፣ ገድ ይሆንሃል» አሉት። ስለዚህ ሥዕሉ ይቅር፣ የፈረስ ስም ይጻፍ።

ዘሀራ ጅሬን
እኚህ እናት ይሻላሉ። ግን ፈረስና ጄት አንድ አታድርጉብኝ። ፈረሰኛ የሚገድለውን ፊት ለፊት ያየዋል፣ እሱም ሊሞት ይችላል።

የአባ ጅፋር ደጋፊ
ባልቻ አድዋ ላይ መድፈኛ ነበሩ እትዬ። መድፍም ከሩቅ ነው።

ዘሀራ ጅሬን
መድፉን ግን ነፍሶ አላሉትም። ፈረሱን ነው።

ኪቶ ኢንጂነር
እትዬ፣ እዚህ ላይ ረቱኝ።

ጋሽ መካኒክ
ስም ብቻ ከሆነ እኔ እስማማለሁ። በቅርጽ ማውጫ፣ ግራጫ በግራጫ፣ ከሁለት ስንዝር ያልበለጠ፣ ከቀዳዳዎቹ የራቀ። ፎቶ ለማንሳት ቀረብ ማለት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ጥሩ ነው።

የሕርማታው
ስሙን ማን ያወጣል? አብራሪው ወይስ መካኒኩ?

ጋሽ መካኒክ
ምን ጥያቄ አለው? መካኒኩ!

ፈረንጅ አራዳ
ኮሚቴ ይቋቋም ያለ ሰው እንዳይመጣ ብቻ። ጄቱ ስም ሳይወጣለት ጡረታ ይወጣል።