ማንጠልጠያዬ ጭቃ ግድግዳ ላይ አልቆም አለኝ

ጅማ ያላችሁ የእጅ ሥራ ወዳጆች፣ እስቲ መላ በሉኝ። ሀብሎቼ መሳቢያ ውስጥ እየተቋጠሩ ሲያስቸግሩኝ የግድግዳ ማንጠልጠያ ራሴ ሠራሁ። ጣውላው በርጩማ ከሚሠራው የሰፈራችን አናጺ ዘንድ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ነው። ለሀብልና ለአምባር የደረቀ የቡና ቅርንጫፍ ቆራርጬ በኮላ ሰካሁበት። ከሥሩ ያረጀ ወንፊት አለ፤ ጉትቻዎቹ በቀዳዳው ይገባሉ። ራስን ማመስገን አይሁንብኝና ያምራል!

ችግሩ ግድግዳው ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ላዩ በስሚንቶ ተለስኗል። ሚስማሩ ልስኑን አልፎ ጭቃው ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ያጣል። ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ከዚያ ከነአፈሩ ዱብ። ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ደግሞ ለብሎኬት እንጂ ለጭቃ አይሆንም፤ ቀዳዳውን ከማስፋት በቀር የፈየደው የለም። ግድግዳውን እያንኳኳሁ ማገሩን፣ ጭቃው ውስጥ ያለውን አግድም እንጨት፣ ልፈልግ አስቤያለሁ። ግን ድምፁ በምን ይለያል? ወይስ ከጣሪያው እንጨት በገመድ ባንጠለጥለው ይሻላል? ቤቱ የኪራይ ነው፣ አከራዬ ግድግዳ ሲቦረቦር አይወዱም።

ሌላው የብር ጌጡ ነገር ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ የታጠበ ልብስ እንኳ በቀላሉ አይደርቅም። ብር አየር ላይ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የእናቴ የብር መስቀል ከተሰቀለ ወዲህ መልኩ ጠፍቷል። ለብሩ ብቻ ክዳን ያለው ሣጥን ከጎኑ ልጨምር? ጣውላውን ቫርኒሽ የቀባችሁስ ካላችሁ፣ በዚህ ዝናብ ቶሎ ይደርቃል?