ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 7 ለማስጫን፦ ኮምቦልቻ ወይስ ደሴ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦

የሱቄን ሂሳብ የምይዘው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ አርጅቷል፤ ዊንዶውስ 10 ከተጫነበት ወዲህ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተቆልቶ ይፈላል። ወደ ዊንዶውስ 7 ልመልሰው ብዬ በፍላሽ ስሞክር ደግሞ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ይጎድላል እያለ ይቆማል። እዚሁ ላሠራው ወይስ ደሴ ልውጣ? ባለሙያም ዕቃም ጠቁሙኝ።

ጥቆማ፣ ከደሴ፦

አብሽር ወንድሜ፣ መልእክቱ አያስደንግጥህ። ስለ ሲዲ ያውራ እንጂ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፍላሹ የተሰካበት ቀዳዳ ነው። ዊንዶውስ 7 በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር (ቀዳዳውን የሚያሠራው ፕሮግራም) አብሮት አልነበረም። ስለዚህ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ከሰካኸው ጫኙ ይነሳና ወዲያው የተነሳበትን ፍላሽ ራሱን ማየት ያቅተዋል። ወደ ጥቁሩ፣ ወደ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ አዛውረህ ሞክር። አሁንም እምቢ ካለ የመጫኛው ፋይል ተበላሽቶ ይሆናልና ፍላሹ ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም እንደ አዲስ ይዘጋጅ።

ቀጥሎ «ዲስኩ ጂፒቲ ነው፣ አልጫንም» ሊልህ ይችላል። ጂፒቲና ኤምቢአር ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ሁለት ስልቶች ናቸው። ሰው ንብረቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው የኮምፒውተር ማስነሻ፣ በባዮስ ስልት ለመጫን ዲስኩ ወደ ኤምቢአር መቀየር አለበት፤ በጫኙ በኩል ሲቀየር ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። «ፋይሌ ዲ ላይ ነው፣ አይነካም» የሚባለው ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ እንጂ ለዚህ አይሠራም። የፒችትሪውን ባክአፕ ከራሱ ከፕሮግራሙ አውጥተህ በሌላ ፍላሽ ያዝ። ያንን ፍላሽ ከላፕቶፑ ጋር አታስረክብ፣ ኪስህ ይግባ።

ግን ልጠይቅህ፤ ፒችትሪው በ10 ላይ እየሠራ አይደለም እንዴ? እንግዲያውስ ጥፋቱን በዊንዶውሱ ላይ ብቻ ባትጭነው ይሻላል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የሚንቀራፈፈው ባብዛኛው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ምክንያት ነው። ለፎርማት የምትከፍለው ላይ ጨምረህ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) አስገባበት፤ ለሂሳብ ሥራ 240 ጊጋባይት ይተርፋል። ራሙ 2 ጊጋ ከሆነ ወደ 4 ወይም 8 አሳድገው። ራም ስትገዛ ግን የድሮውን ይዘህ ሂድ፤ ፒሲ3 እና ፒሲ3ኤል የሚባሉት የራም ዓይነቶች በመልክ አንድ ናቸው፣ የሚፈልጉት ቮልቴጅ ግን ይለያያል። ፒሲ3ኤል ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ውስጥ ሌላው ሲገባ ላይነሳ ይችላል።

ዊንዶውስ 7 የማይክሮሶፍት ድጋፉ የተቋረጠው ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክሮምም ከ109ኛው እትም በኋላ ትቶታል። ከኢንተርኔት ተለይቶ ለፒችትሪ ብቻ የሚቀመጥ ማሽን ከሆነ አልቃወምም። ባንክ የምትገባበት ከሆነ ግን አይሆንም። በርግጥ ዊንዶውስ 10ም በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ድጋፉ አብቅቷል፤ ቢሆንም ከ7 ይሻላል።

ስለ ባለሙያ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የመውጣት ጥቅሙ ኤስኤስዲውንም ራሙንም አማርጠህ እዚያው አስገጥመህ መመለስህ ነው። ጉዳቱ ጥድፊያው ነው፤ ብዙ ቦታ ፕሮግራሙ ሁሉ ታጭቆ የተዘጋጀ አንድ ቅጂ ለሁሉም ላፕቶፕ ይገለብጣሉ፣ አክቲቬት ለማድረግም አንቲቫይረሱን ያጠፉታል። «ንጹሕ መጫኛ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ጥያቄው ካናደደው ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ኮምቦልቻ ምርጫው ያነሰ ቢሆንም ድራይቨር ጎድሎ ድምፁ ወይም ዋይፋዩ እምቢ ቢል በማግስቱ ትመልስለታለህ። ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔ የምመርጠው ግን የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። አጠገቡ አስቀምጦህ እያሳየህ ይሠራል። ዕቃ የለውም፣ ፈተና ሲደርስም አታገኘውም፤ ኤስኤስዲውን ከደሴ አስመጥተህ እሱን ብታሠራው ግን አትጸጸትም።

ከወልድያ የተጨመረ፦

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አታስጀምሩት፤ ጭነቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ እንደገና ከአንድ ነው። ከተጫነ በኋላ ድረ ገጾች አልከፍትም ካሉ ደግሞ ቀኑን ተመልከቱ። ውስጥ ያለችው ሳንቲም መሳይ ሲአር 2032 ባትሪ ስታልቅ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄድና የደኅንነት ማረጋገጫውን ያሳስተዋል። ርካሽ ነገር ናት፤ አስቀይሯት።

ከደሴ በድጋሚ፦

እውነት ነው። የጽሕፈት ሥራ ለምትሠሩም አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱም ኒያላ የሚባለው ፊደልም (ፎንት) ዊንዶውስ 7 ውስጥ አሉ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ግን ያ ፊደል ከሌለ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይከፈታል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የፊደሎቹን ፎልደር ከሰነዶቹ ጋር ቅዱ።