ክርክር፦ ከመጠጥ ሱስ መውጫ ስብሰባ በአማርኛ ይኑረን ወይስ ከሐበሻ ርቆ መሄድ ይሻላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ እህት፦ ወንድሜ እዚህ ሜሪላንድ ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ። ዳኛው ኤኤ፣ ማለትም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ጠጪዎች መጠጥ ለመተው እርስ በርስ የሚረዳዱበት ስብሰባ እየሄደ፣ መገኘቱን ወረቀት ላይ እንዲያስፈርም አዘዘው። ይሄዳል፣ ያስፈርማል፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል። «በእንግሊዝኛ ማልቀስ አልችልም» አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በአማርኛ እናስጀምር እያልን ነው። ምን ትላላችሁ?

ኡበር ነጂው፦ ኧረ በናትሽ! ሐበሻ ሚስጥር ይይዛል? ማታ የተናገርኩት ጠዋት ቡና ላይ ይጠጣል። እኔ የምሄድበት የፈረንጆቹ ኤኤ ታጣፊ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ቡናዬን በወረቀት ኩባያ እይዛለሁ፣ ስሜን እናገራለሁ፣ አለቀ። የአባት ስም የለም። «የማን ልጅ ነህ?» የለም። ለእኔ መድኃኒቱ እሱ ነው።

አለምዬ፦ ቆይ ግን፣ ሲሰክር ያላየው አለ? ሰርግ ላይ ጠረጴዛ ሲገለብጥ፣ ለቅሶ ቤት ሲሳደብ አገሩ ሁሉ አይቶታል። ያኔ ያላፈረ ለመተው ሲሞክር ቢታይ ነው የሚያፍረው? ነገሩን ገለበጣችሁት።

ኡበር ነጂው፦ አዎ፣ ያሳፍራል። ሲጠጣ «ተጫዋች ነው» ይሉታል። ስብሰባ ሲገባ «ለካ በሽተኛ ነው» ይሉታል። ልዩነቱን የቀመሰው ያውቀዋል።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆቼ፣ ጠበልና ንስሐ አባት እያለ ለማታውቁት ሰው ገመናን መዘርገፍ ምን የሚሉት ነው? እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተጠምቆ የተወ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ ነርስ፦ ጋሼ፣ ጠበሉን ማንም አልነካብዎትም። ከኤኤ 12 የማገገሚያ ደረጃዎች አምስተኛው ራሱ ጥፋትን ለአምላክ፣ ለራስና ለአንድ ሌላ ሰው መናገር ነው። ለንስሐ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ጠበል ሄዶም ሆነ ስብሰባ ገብቶ ድንገት ቀጥ ቢያደርገው ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊጥለው ይችላል። ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እንደ ናልትሬክሶን ያሉ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። ስብሰባው አይረባም የሚል ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ከመጠጥ ጨርሶ ለመራቅ ኤኤና ወደ እሱ የሚመሩ ሕክምናዎች ከሌሎቹ የሕክምና መንገዶች እንደማያንሱ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚበልጡ ነው ያገኘው።

ዝም ያልኩት፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስትሉ እኔን በር ላይ አስቀራችሁኝ። የእኔ ሃፍረት ደግሞ እጥፍ ነው፤ ቤተሰቤ እንደምጠጣ እንኳ አያውቅም። ኤኤ ለአባልነት የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። እናንተ ሳትጀምሩት ሌላ ጨመራችሁበት።

አለምዬ፦ ፈረንጆቹም እኮ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው የሚሰበሰቡት።

ዝም ያልኩት፦ ተከራይተው ነዋ! ቅርጫት ያዞራሉ፣ ያለው ይጥላል፣ ኪራያቸውን ይከፍላሉ። ከአባላቱ ውጭ ከማንም እርዳታ አይቀበሉም። ቄሱ ገብተው አይባርኩም፤ የሰበካ ጉባኤም አይቆጣጠራቸውም። በእኛ አዳራሽ እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ማሉልኝና እመጣለሁ።

ሕግ ተማሪው፦ የተረሳ ነገር አለ። ዳኛው ኤኤ ብቻ ብሎ ማስገደድ ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2007 የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ የሃዋይ ቡድሂስት ጉዳይ «ሃይማኖታዊ ይዘት ስላለው ማስገደድ አይቻልም» ብሏል። ውሳኔው የሜሪላንድን ዳኛ አያስገድድም፤ ጠበቃ ግን ሊጠቅሰው ይችላል። ሃይማኖት የሌለበት ስማርት ሪከቨሪ የሚባል የመጠጥ መተዊያ ስብሰባም አለ። ወንድምሽ ዳኛው ይቀበለው እንደሆነ በጠበቃው በኩል ይጠይቅ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እህት፦ ወንድሜ እኮ ከአምላክ ጋር ጸብ የለውም። ጸቡ ከእንግሊዝኛ ጋር ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ ነርስ፦ እንግዲያው አዳራሹን ተይው። ከኮቪድ ወዲህ በዙም የሚሰበሰቡ ሞልተዋል። የኤኤ ነፃ አፕ አለ፣ ሚቲንግ ጋይድ ይባላል፤ በአካባቢሽ ያሉትን ከነሰዓታቸው ያወጣልሻል። «ኦፕን» የሚለው ላይ አንቺም ገብተሽ ማዳመጥ ትችያለሽ፤ «ክሎዝድ» ከሆነ ለጠጪው ብቻ ነው። ለጠጪ ቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ስብሰባ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከወንድምሽ ይልቅ የደከመሽ አንቺ ትመስይኛለሽ። የአማርኛውን በዙም ጀምሩት። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ከአትላንታም ከዳላስም ይገባል፤ ጎረቤት ብቻ አይሆንም።

ኡበር ነጂው፦ ካሜራ ብዘጋስ? ድምፄን የሚያውቅ ሞልቷል።

ዝም ያልኩት፦ ድምፅህን የሚያውቅ ሰው እዚያ ከገባ እሱም ጠጪ ነው። ማን ማንን ያማል?

አለምዬ፦ አርብ ማታ ይሁን። ሰው የሚወድቀው አርብ ነው።

ኡበር ነጂው፦ አርብ ማታማ ሥራ ላይ ነኝ። ሰካራም ወደየቤቱ የማደርስበት ሰዓት ነው። ሐሙስ አድርጉት።