«ዋና» ሲላላና ሲጠብቅ

ጥያቄ፦ ይቺን ስንኝ ፍቱልኝ። ሐዋሳ ውስጥ የኮምፒውተር ኮድ ለሚጽፉ ልጆች የተገጠመች ናት።

ሐይቁ ዳር ያደገ፥ ዋና ሳያውቅ ገብቶ፣
ሲሽከረከር ነጋ፥ መውጫ በሩ ጠፍቶ።

መልስ፦ ኅብረ ቃሏ «ዋና» ነው። «ና» ሲላላ የውሃ ዋና፣ ሲጠብቅ ዋነኛው ማለት ነው። ሰሙ፦ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር አድጎ ዋና ሳይችል የገባ ልጅ አዙሪት ይዞት አደረ። ወርቁ፦ ፕሮግራሙ ከየት እንደሚነሳ ሳይለይ ኮድ ውስጥ የገባ ጀማሪ ሉፕ (አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ የሚያስኬድ የኮድ ክፍል) ውስጥ ቀረ። «መውጫ በሩ» የሉፑ ማቆሚያ ነው። «ቆጣሪው ከ10 እስካነሰ ድገም» ተብሎ ቆጣሪው ላይ 1 መደመር ከተረሳ፣ 0 ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ፕሮግራሙን ካልዘጉት አይቆምም። ቤቷ የወል ቤት ናት፣ 6 በ6።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍችህ ደርሷል፤ «ሳያውቅ»ን ግን አጥብቀን እንያት። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መነሻው «ሜይን» ይባላል፣ «ዋና» ማለት ነው። እሱ ጭራሽ ከሌለ ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎች አገጣጥሞ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ) ገና ፕሮግራሙ ሳይነሳ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፤ የሚሽከረከር ነገር የለም። ስለዚህ «ዋና ሳይኖር» ቢባል ወርቁ ይፈርስ ነበር። «ሳያውቅ» በመባሉ ዋናው አለ፣ ያላወቀው ልጁ ነው። ገጣሚው ቃል መርጧል።

ጥያቄ፦ ጮክ ብዬ ሳነብስ ላላላው ወይስ ላጥብቀው?

መልስ፦ አላላው። ሐይቁ ሰሙን አስቀድሞ ነግሯል፤ ካጠበቅኸው ወርቁን አንተው አወጣህበት። ወረቀት ላይ ይህ ጭንቀት የለም፣ ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም። ኮምፒውተሩም ሁለቱን «ዋና» አይለይም፤ ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነውና ለሁለቱም ያው 6 ባይት ነው።

ሌላ መልስ፦ የሚገርመው ተቃራኒው ነው። ጆሮ የማይለያቸውን «ሐይቅ»ንና «ሀይቅ»ን ማሽኑ ባዕድ ለባዕድ ያደርጋቸዋል። ስንኟን በ«ሀይቁ ዳር» የፈለገ ሰው አያገኛትም። ግጥም የምታከማቹ ልጆች፣ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ቅጂ ሥሩና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው (ሑን ወደ ሁ እንደማለት) መልሱ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አ መመለስም አትርሱ። ዋናውን ጽሑፍ ግን አትንኩት። ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀች» ነው፣ ሌባ «ሰረቀ» ነው፤ ሁለቱን አንድ ካደረጋችሁ በፊደል የተለየው ፍች አብሮ ይጠፋል።